ወንዱ ሁሉ በሽተኛ፣ ሴቱ ሁሉ ጤነኛ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መቀመጫ እንኳ አልነበረኝም። ከወልድያ በእህል መኪና ጋቢና መርሳ ደርሼ፣ የቀሚሴን አቧራ ሳላራግፍ ዳይሬክተሩ ፊት ቆምኩ። ረጅም፣ ካኪ ልብሱን የማይለውጥ፣ ሰውን ሁሉ «ጓድ» የሚል ሰው ነበር። የምደባ ደብዳቤዬን ገረፍ አድርጎ አየና «ጥሩ ጊዜ መጣሽ፣ ጓድ መምህርት፤ ምዝገባ ላይ ነን» ብሎ አንድ የተማሪ ዴስክ በረንዳ ላይ አስወጣልኝ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰልፉ ግቢውን አልፎ አስፋልቱ ጋ ደርሷል።

ሥራው ቀላል ነው ተባልኩ። ስም ከነአያት፣ ጾታ፣ ቀበሌ። የልደት ወረቀት ያለው ስለማይገኝ ዕድሜ የሚለካው በጆሮ ነበር፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካል። ከነካ ለትምህርት ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ግን የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ የወጣበት ሰሞን ነበርና አባቶች ዕድሜ መቀነስ ጀምረው ነበር። ጢሙ ያቆጠቆጠ ጎረምሳ እጁን አሻግሮ ጆሮውን አልፎ አገጩን ሲይዝ፣ አባቱ ዓይኑን ሳያሽ «ሰባት ዓመቱ ነው» ይለኛል። ሳቄ ይመጣል፤ ግን ለውትድርና የሚመለምለው የቀበሌው ሊቀ መንበር አጠገቤ ስለቆመ መሳቅ አልችልም።

በዚያ ላይ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አዲስ ትእዛዝ መጥቷል። ልጁ የት ተወለደ? ምጡ ረዝሞ ነበር? ምን ታሞ ያውቃል? አሁንስ ምን ያመዋል? ዳይሬክተሩ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበበውና «ሁሉንም ጠይቂ፣ የተባለውን ጻፊ» አለኝ። ሰው በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ በሚያዳምጥበት ቦታ ነው እንግዲህ የእናትን ምጥ የምጠይቀው።

ጠየቅኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ጤነኛ ወንድ አልመዘገብኩም። አንዱን ልቡን ያመዋል፣ አንዱ ሲመሽ አያይም፣ አንዱ ሲወለድ ታፍኖ ስለነበር እስከ ዛሬ ትንፋሽ ያጥረዋል። አጥር ዘሎ የገባ ልጅ ሳይቀር እግሩ ሽባ ነው ተባልኩ። ሴቶቹ ደግሞ ጉንፋን እንኳ የያዛቸው የሉም።

ወይዘሮ ታደለች የመጣችው ያኔ ነው። ባሏ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ትንሿን ልጇን እናኑን በእጇ ይዛለች። ልጅቷ ጆሮዋን በቀላሉ ነካች። «እንዴት ተወለደች?» አልኩ። ወይዘሮ ታደለች ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሰልፉን አየች። «እንደ ሰው ተወለደች፣ እንደ ሰው አደገች። ሌላ ምን አላት?» አለችኝ፤ የልጅቷን እጅ ግን በጣም አጥብቃ ይዛው ነበር። «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ በንዴት መምህራን ክፍል ገባሁ። ጋሽ መኮንን የሚባሉ አንጋፋ የአማርኛ አስተማሪ ጋዜጣ ያነባሉ። «በዚህ ወረዳ ወንዱ ሁሉ በሽተኛ፣ ሴቱ ሁሉ ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«አትጠይቂያቸዋ!» አሉኝ ጋዜጣውን ሳያወርዱ። «እኛ የምናስተምረው ፊደል ነው። የሰው ማሕፀን ውስጥ ምን አስገባን?»

«ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ሲገረፍ ይክረም ነው የሚሉኝ?»

«ልጄ፣ እዚህ አገር ‹እንዴት ተወለደች? ምን ያማታል?› ብሎ የሚጠይቅ ማነው? ጋብቻ የሚያጣራ ሽማግሌ ነው። ሰው ሁሉ ለእሱ የሚሰጠውን መልስ ለአንቺም ሰጠሽ። ለወንዶቹ ደግሞ የውትድርና መልማይ መስለሻል።» ጋዜጣቸውን አጠፉ። «በመካከል ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ለማንም አልታየውም።»

እንደተናደድኩ ወደ በረንዳው ዴስኬ ተመለስኩ። ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የሊቀ መንበሩ ነገር መጣ። አንድ ቀን ጠመኔ ልወስድ ቢሮ ስገባ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጣቱን በወንዶቹ ስም ላይ እያስኬደ አገኘሁት። «እንዴ፣ አገሩ ሁሉ በሽተኛ ሆኖ የለም!» ብሎ ሳቀ። ዳይሬክተሩም አብሮ ሳቀ። እኔ ጠመኔውን ትቼ ወጣሁ።

እናኑ እኔ ክፍል ተመደበች። በሂሳብ የሚስተካከላት አልነበረም። ግን አንዳንዴ ስጠራት አትሰማም፤ ዓይኗ ክፍት ሆኖ ሌላ ቦታ ትሄዳለች፣ እርሳሷ ከእጇ ይወድቃል፣ ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንገቴ አያርፍም፣ በየመስመሩ ዞሬ አያታለሁ። ልጆቹን ለውሃ ልኬያቸው ወደ ወንዙ ሲሄዱ ሥራ እፈታለሁ። እናቷን ሁለት ጊዜ አስጠርቼ ጠየቅኳት። ሁለቱንም ጊዜ «ሐሳበኛ ናት፣ በአባቷ ወጥታ ነው» ብላኝ ሄደች።

አንድ ጠዋት በሰልፍ ላይ የንጽሕና ፍተሻ ነበር። የተማሪውን ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት መሪ ጥፍርና ፀጉር አይቶ ቦርሳ ማስከፈት ጀመረ። ከእናኑ የጨርቅ ቦርሳ ክብሪት ወጣ። በዚያን ጊዜ ተማሪ ክብሪት ይዞ ግቢ መግባት የተከለከለ ነበር፤ አካባቢው ጦርነት ያንዣበበበት ስለነበር በትንሽ ነገር ሰው ይጠረጠራል። «ማን ሰጠሽ?» አላት። እናኑ መሬት መሬት አየች።

ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ሰው የሚጥል በሽታ ሲጥለው ሲያዩ «ክብሪት! ክብሪት!» እያሉ ጭረው ጭሱን የሚያስሸትቱበት አገር ነው ያደግኩት። አንድ እናት የሚያንቀጠቅጣትን ልጇን ለሰው ሳትናገር ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ ሌላ ምን ታስይዛታለች?

በማግስቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ዳይሬክተሩ፣ ዩኒት መሪው፣ ሊቀ መንበሩ፣ ሁለት የወላጅ ተወካዮች። እኔም በክፍል ኃላፊነቴ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ታደለች መሃል ቆማለች።

«ክብሪቱን ለምን አስያዝሻት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሱቅ ልኬያት ነው ጌታዬ። ረስታው ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ።»

«ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ነው ሱቅ የላክሻት?» አለ ሊቀ መንበሩ።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አንዲት ቃል ብትናገር ልጇ ነፃ ትወጣ ነበር፤ ግን እነዚያ የወላጅ ተወካዮች ማታውኑ በመርሳ ሁሉ ሊያወሩት ነው። ታላቋ ልጇ ስንዱ ግራና ከተማ ላሉ ሰዎች ታጭታ ሠርጓ እየተጠበቀ ነበር። ዳይሬክተሩ «ነገሩ እስኪጣራ ልጅቷ ታግዳለች» አለ። ወይዘሮ ታደለች ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ስብሰባው ሳያልቅ ተከትያት ወጣሁ። መቀመጥ አልቻልኩም። ከጋራዡ ጀርባ፣ የተጣሉ ጎማዎች ካሉበት ደረስኩባት።

«ይጥላታል፣ አይደል?» አልኳት።

«አንች ልጅ፣ በእመብርሃን ይዤሻለሁ፣ ድምፅሽን ቀንሽ!» አለችኝ። ከዚያ ጎማ ላይ ቁጭ አለችና ተናገረች። ምጡ ጠንቶባት ነበር፤ ልጅቷ ስትወለድ አላለቀሰችም፤ እግሯን ይዘው ገልብጠው ነው ትንፋሽ ያገኘችው። በእግሯ ሳትሄድ ይጥላት ጀመር። «በምዝገባው ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግርሽና ብትጽፊው ማን ያነበዋል?»

መዝገቡ የሊቀ መንበሩ ጭን ላይ ታየኝ። «ማንም ያነበዋል» አልኳት።

«ታዲያ?» አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ብቻውን እስኪሆን በሩ ላይ ስንጎራደድ ቆየሁ። ገባሁና «ክብሪቱን ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አልኩት። «ለሳይንስ ትምህርት። ሻማ አብርተን በብርጭቆ ስንከድነው አየር አጥቶ እንደሚጠፋ ላሳይ ነበር።»

«በስብሰባው ላይ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ።»

«አንቺ? ፈርተሽ?» ማመኑን አላመነኝም። ነገር ግን እሱም ሕፃን ማባረሩን አልወደደውም መሰለኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝና እናኑ ተመለሰች። ሻማውንም በነጋታው ለክፍሉ ሁሉ አሳየሁ፤ የግድ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄጄ የልጅቷን ስም ሳልጠራ ጤና ረዳቱን ጠየቅኩት። የክብሪት ጭስ ምንም አይጠቅምም፤ በጎኗ ማስተኛት፣ የሚያቆስላትን ነገር ማራቅ፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ወልድያ ሆስፒታል ወስዶ ክኒን ማስጀመር አለኝ። ወይዘሮ ታደለች ለንግሥ እሄዳለሁ ብላ ወልድያ ወሰደቻት። ክኒኑ ተጀመረ፤ እኔ ግን ከሰሌዳው ዞር ዞር ማለቴን አልተውኩም።

ክኒኑ ሙሉ በሙሉ ሳይዛት አንድ ቀን በማባዛት ትምህርት መሃል ወደቀች። ልጆቹ ለመውጣት ሲጋፉ በሩን ሊሰብሩት ደረሱ። «አረፋው ከነካን ይይዘናል! ክብሪት አምጡ!» ይላሉ። ዴስክ ገፍቼ በጎኗ አስተኛኋትና ሹራቤን ከራሷ ሥር አደረግኩ። ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው የክፍል ጓደኞቿን በመስኮት ተደርድረው ነው። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው በየቤቱ ገባ። በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እናትየዋ መጥታ የምትለኝን እያሰብኩ ከቤት እወጣለሁ፣ እገባለሁ።

የመጣችው ግን እናትየዋ አይደለችም። ትምህርት ካለቀ በኋላ ደብተር ሳርም የእናኑ እህት ስንዱ በሩ ላይ ቆመች።

«ከግራና ሰው ልከው ነበር» አለችኝ። «ሠርጉ ቀርቷል።»

ብድግ ብዬ ወንበር ሳብኩላት።

«እናቴ ታለቅሳለች። እኔ የመጣሁት ለዚያ አይደለም።» ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠች። «ያን ዕለት እህቴን እንዴት አድርገው ነው ያስተኟት? ያሳዩኝ።»

ዴስኮቹን ገፋን። መጀመሪያ እኔ መሬት ላይ ተኛሁና እሷ በጎኔ አዞረችኝ። ቀጥሎ እሷ ተኛች። ክንዱ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጉልበቱ የት እንደሚውል እስኪያረካት ድረስ ደጋገምነው። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ አመስግናኝ ሄደች።

ኋላ ሐራም ወልድያም አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። የጋሽ መኮንንን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ፤ አልተስማማሁም። እናንተ የዛሬ መምህራን፣ ወላጅን ስለ ልጁ አወላለድና ጤና ጠይቁ። በሰልፍ ላይ ሳይሆን በሩን ዘግታችሁ ጠይቁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ መልሱን ማን እንደሚያነበው ንገሩት፤ ያንን መናገር ካልቻላችሁ አትጠይቁት።