የጋሽ ቶሎሳ ቀኝ ጆሮ

ባለፈው ቅዳሜ በቆጂ፣ አማቴ ቤት፣ ልጄ ሲፈን ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትስል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በሳለችው ዛፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ከቅጠሉ መሀል የፀሐይ ጨረር ዘለቀ። በአንድ ንክኪ፣ ያለ ምንም ድካም። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ብርሃን ለማምጣት የተንገላታሁት፣ በዚያው ሰበብም ሚስት ልታመልጠኝ የነበረው ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ያኔ አሰላ ውስጥ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ነበረኝ፤ በውስጡም ማን እንደጫነው የማላውቀው የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም። ከክፍል ስወጣ መዝናኛዬ ፎቶ ላይ ብርሃን መጨመር ነበር። ያልበራ ሻማ አበራለሁ፣ በደመናማ ሰማይ ላይ ጀምበር አወጣለሁ። ጓደኞቼም «ጀምበሬ» የሚል ስም አወጡልኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ለሊሴ ልታገባኝ ፈቅዳ ነበር። «እማዬ ግን ገና አልወደደችህም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳትሸፋፍን። ቤተሰቦቿ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ እኔ ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። ሽማግሌ ብልክ እናቷ እምቢ ይሉ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ ለሊሴ አንድ መላ አመጣች። አባቷ ጋሽ ቶሎሳ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የቀራቸው ፎቶ ከመታወቂያቸው ላይ የተላጠ ጉርድ ብቻ ነው። «አሳድገህ፣ አሳምረህ ይዘህላት ሂድ» አለችኝ።

አሳመርኩ። ሰው ሲከበር ብርሃን የት እንደሚደረግ ከልጅነቴ ጀምሮ በሥዕል ሳየው አድጌያለሁ፤ ከራሱ ኋላ፣ ክብ፣ ወርቅማ። ሳምንቱን ሙሉ ጠርዙን ሳለሰልስ ከርሜ አሳተምኩት፣ ፍሬምም አስገባሁት። የበቆጂ መንገድ ያኔ ፒስታ ስለነበር ፍሬሙን በጃኬቴ ጠቅልዬ፣ እኔ አቧራውን እየጠጣሁ ወጣሁ።

የለሊሴ እናት፣ እማማ ጫልቱ፣ ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ለቶሎሳ ታቦት ልታስቀርጽለት ነው?»

ለሊሴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ በዚያ ሁሉ ብርድ ላብ በላብ ሆንኩ።

«ለክብር ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ክብሩስ ይሁን። ግን ይሄ ብርሃን ከየት መጣ? ቶሎሳ ፀሐይ የሚሞቀው በፊቱ ነበር እንጂ በማጅራቱ አልነበረም። ነገ በማለዳ ናና እይ።»

አንዲት ትንሽ ሆቴል አደርኩና በማለዳ ደረስኩ። ጥቅምት ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። እማማ ጫልቱ በሩ ላይ፣ በባላቸው በርጩማ አስቀመጡኝና በጎድጓዳ ሳህን ጭኮ ሰጡኝ። የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ታሽቷል፣ ቅቤው ግን በብርዱ ረግቶ ጥርስ ይፈትናል።

«ብላ። ትመጣለች» አሉ ፀሐይዋን።

ከገብሱ ማሳ ማዶ በቀኜ በኩል ወጣች። ቀኝ ጉንጬ ሲሞቅ ግራው ገና በረዶ ነው። እሳቸው ፊት ለፊቴ ቆመው እያዩኝ፣ «እንዲህ ነበር ጠዋት ጠዋት የማየው» አሉ። «አንዱ ጉንጩ ይበራል፣ በወዲያ በኩል የአፍንጫው ጥላ ይወድቃል። ጆሮው ደግሞ ፀሐይ ስታልፍበት ይቀላል፤ በዚያ ስስቅበት…» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ሳህኔን አንስተው ገቡ። እኔ ስለ ሃይማኖቴ እንደተቆጡ አስቤ ነበር። ሴትየዋ ግን ባላቸውን ነበር የፈለጉት፤ አፈርኩ፣ አንጀቴንም በሉት።

አሰላ ተመልሼ ክቡን አጠፋሁት። ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ግራው ላይ ሰማያዊ ቀመስ ጥላ አደረግሁ። ጆሯቸው ብቻ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀብኝ፤ ቀዩ ትንሽ ሲበዛ የተጠበሰ ይመስላል፣ ሲያንስ ደግሞ ጭራሽ የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ ጫልቱ ፎቶውን ተቀብለው ጆሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ጋላቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ በኦሮምኛ። ከዚያም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሚስማር እየፈለጉ፣ «ሽማግሌዎችህን መቼ ነው የምትልከው? ገብስ በሚወቃበት ሰሞን አይሁን፣ ሰው አይገኝም» አሉ።

ፎቶው ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ሚስማር ላይ ነው። ሲፈን ባለፈው ቅዳሜ ከታብሌቷ ቀና ብላ አየችው።

«አኮ፣ የዚህ ፎቶ ብርሃን እንዴት ያምራል። አያቴ የት ሆኖ ነው የተነሳው?» አለች፤ ሴት አያቷን እንደ በቆጂ ልጆች አኮ ነው የምትላቸው።

«እዚሁ በሩ ላይ» አሉ እማማ ጫልቱ። «ጥቅምት ነበር። ጭኮውን እየበላ፣ ጆሮው ቀልቶ።»

ጉርዱ ፎቶ አሁንም ለሊሴ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ግራጫ፣ ጥላ እንኳ የሌለበት። እማማ ያን ሁሉ ረስተውት ይሁን አውቀው ይሁን እንጃ። ደግሞስ ምኑን ዋሹ? ያ ጠዋት ነበረ፤ የጎደለው ካሜራ ብቻ ነው።

«ማን ነው ያነሳው?» አለች ሲፈን ወደ እኔ ዞራ።

«አኮሽ ናቸው» አልኳት። እማማ ጫልቱም አልካዱም።