ጊታሩ ዝም ካለ በኋላ የቀረው ፉጨት

ሁሉም የሚጠሩት «ባለ ጆሮው» ብለው ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ ሰባት። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ከደመወዝ ወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር አይነሳም። ይህን ቅጽል የሰጡት የሚሠራበት ሆስፒታል ሰዎች ናቸው። የሊፍት ጠጋኝ ነውና የሞተሩን ጤንነት የሚመረምረው የካቻቢቴውን ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ከጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሊሰበር ሲል ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ፉጨቱን በጊዜ የሰማ ጠጋኝ ሊፍቱን ያቆማል፤ ያልሰማ ጠጋኝ ግን በሽተኛን ከነአልጋው በሁለት ፎቆች መካከል አንጠልጥሎ ያስቀራል፤ ከዚያ የከፋም አለ። ሰውየው በጆሮው መመካቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጊታሩን ያገኘው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው። ርካሽ ነው፤ አንገቱ በመጠኑ ጠሟል፣ ቀለሙም ተልጧል። ነገር ግን ከተራ ጊታር የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በሆዱ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር፣ እንደ ሳህን የጎደጎደ ስስ አሉሚኒየም ተቀምጧል። ክሩ ሲነካ ሳህኑ ይንቀጠቀጥና ድምፁን አጉልቶ፣ የብረት ለዛ ሰጥቶ ያወጣዋል። ሬዞኔተር ይሉታል። ከላይ የሚሸፍነው የብረት ክዳን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እቤት ተቀምጣ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ መጀመሪያ ባየችው ጊዜ አገላብጣ መረመረችውና፣ «ዘፈን ነው የሚያወጣው ወይስ ሻይ ነው የሚያጠልለው?» አለችው።

በሌላ ከተማ የምትሠራው ብቸኛ ልጃቸው፣ በሕፃንነቷ ሲያስተኛት ይጫወትላት የነበረውን ዜማ ቀድቶ እንዲልክላት ከለመነችው ቆይታለች። አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ቀረጻውን ጀመረ። ሥራው ሁሉ ሥርዓት አለውና ይህንንም በሥርዓት ያዘው። ልብሶቹ ማስተጋባቱን እንዲውጡለት ቁምሳጥኑን ከፈተ፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደ፤ ስልኩን በታጠፈ ጨርቅ ክምር ላይ፣ ከጊታሩ አንድ ክንድ አርቆ አቆመ። ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀለ። የእጅ ሰዓቱን ሳይቀር አውልቆ ኩሽና ውስጥ አኖረ። ሚስቱ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አንስታ፣ ትንፋሽስ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀችው።

ተጫውቶ ሲጨርስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሰማ። ዜማው ደህና ነበር። ከዜማው ሥር ግን ቀጭን ፉጨት ነበረ። ያንን ፉጨት ያውቀዋል።

አምፖሉን አጠፋ፤ ከጠረጴዛው ላይ መቀሱንና የመርፌ ቆርቆሮውን አነሳ፤ እንደገና ቀዳ። ፉጨቱ እዚያው ነው። ስለዚህ የላላው ሳህኑ ነው ብሎ ፈረደ። እዚህ ላይ የሠራው ስሕተት የሙያው ስሕተት ነው። ለሊፍት ጠጋኝ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ የላላ ነው፤ የላላ ሁሉ መጥበቅ አለበት። የዚህ ጊታር ሳህን ግን የሚሰማው ነፃ ሆኖ እስከተንቀጠቀጠ ድረስ ብቻ ነው። ባለ ጆሮው ክዳኑን ፈታ፣ በሳህኑ ዙሪያ የብረት ቀለበት ደረበ፣ ብሎኖቹን የሞተር ብሎን እንደሚያጠብቅ እስኪያቃስቱ ድረስ አጠበቃቸው። ስሱ አሉሚኒየም መሐሉ ላይ ተጨማደደ።

እንደገና እየቀዳ ሲጫወተው ድምፁ የራሰ ካርቶን የመምታት ያህል ነበር። ፉጨቱ ግን አልተነካም። ጊታሩን ግድግዳ አስደግፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ፉጨቱም ቀጠለ። ጆሮዎቹን በሁለት መዳፎቹ ደፈነ። ያን ጊዜ ይበልጥ ጎላ።

ፍርሃት ሲገባ የሰው አእምሮ ማምለጫ ይፈልጋል፤ የእርሱም ፈለገ። የመጨረሻውን ቅጂ ለሚስቱ አሰማትና ፉጨት ይሰማት እንደሆነ ጠየቃት። አልሰማትም። ዜማውስ? «አምሮበታል አንተዬ፤ እንደ ድሮህ ነው» አለችው፣ መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታነሳ። በዚህ ተበረታቶ ቅጂውን ለልጁ ላከ፤ እንደ ዋዛም ስለ ፉጨቱ አከለበት። መልሷ በድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ጊታሩን ምን አደረግኸው? ባልዲ የምትደበድብ ነው እኮ የሚመስለው። ደግሞ የምን ፉጨት? ምንም ፉጨት የለም። ደህና ነህ ግን?»

ደህና ነኝ ብሎ መለሰላት። ነገር ግን ከአንድ መልእክት ሁለት ነገር ተረዳ። ፉጨቱ ያለው በራሱ ጆሮ ውስጥ ነው። ሚስቱም የባልዲውን ድምፅ እየሰማች አምሮበታል ያለችው ስላዘነችለት ነው።

በማግሥቱ የሊፍቱ ሞተር ክፍል ገባ። ካቻቢቴውን በኩሽኔታው ቤት ላይ አሳረፈ፤ ፉጨት። አነሳው፤ ፉጨት። የሚሰማው ከብረቱ የመጣ ይሁን ከራሱ ቅል የሚለይበት ምንም ዘዴ አልነበረውም። ከሥሩ አልጋ የሚገፉ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የሕንፃው ኃላፊ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «ሊፍቷ እንዴት ነች ዛሬ?» ሲለው፣ «እየሰማኋት ነው» አለ። ሐሰት አልተናገረም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ሊፍቱን ላቁም ቢል ምክንያቱን ይጠየቃል፤ ምክንያቱን ቢናገር ደግሞ ካቻቢቴውን ያስቀምጣል። ከካቻቢቴው ውጭ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

ኃላፊው ሲሄድ ስልኩን አወጣና፣ ጊታሩን እንደቀዳው ሁሉ፣ ከኩሽኔታው አንድ ክንድ አርቆ ሞተሩን ቀዳ።

ወደ ማታ ሚስቱ ፊት ቆሞ ማዳመጫውን ዘረጋላት። ምን እንደሆነ አልነገራትም፤ እርሷም አልጠየቀችም። ፔዳሉን አቆመች። አዳመጠች። ቅጂው ሲያልቅ ከመጀመሪያው መልሳ አዳመጠች። እርሱ ፊቷን ከቅንድቧ እስከ አገጯ እየመረመረ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ደህና ነው» አለች። «ምንም የለውም።»

ድምፅዋ «አምሮበታል» ያለችበት ድምፅ ነበር፤ ቢያንስ ለእርሱ ጆሮ እንዲያ መሰለው፤ ጆሮው ግን ከእንግዲህ ምስክር አይሆነውም። የስፌት መኪናው መልሶ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀ። እግሯ ወደ ፔዳሉ አልተመለሰም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነገርኩህ እኮ።»

ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ጊታሩ እንደ ተደገፈ ነው፤ ክዳኑ መሐል ላይ የገዛ ፊቱን በጠማማ መልኩ አየ። የሞተሩን ቅጂ ለልጁ ሊልከው ስልኩ ላይ አዘጋጀው። እርሷ አትምረውም፤ የሰማችውን ትነግረዋለች። ምን እንደሆነና ለምን ለእርሷ እንደተላከም ትጠይቃለች፤ ከጠየቀች ደግሞ እንደ ትናንቱ «ደህና ነኝ» ሊላት አይችልም። በዚያው ሰዓት ሊፍቱ ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ጋደም ብሎ የጣሪያውን መብራት እያየ እየወጣ ይሆናል። ጣቱ ከመላኪያው በላይ ቆሟል፤ በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ያለማቋረጥ ይፏጫል።

አንባቢ፣ የሚልከው ይመስልዎታል?