ሁለት አልጋ የምታህል በረሃ

ልጅ እያለሁ ደረቅ መሬት የሚባል ነገር መኖሩን አላምንም ነበር። ጅማ ውስጥ አልጋ ስር ለሳምንት የተረሳ ጫማ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል፤ ክብሪት ሦስት ጊዜ ካልተጫረ አይለኮስም፤ ጨው በዕቃው ውስጥ እያለ ውሃ ያዝላል። ዝናቡ ከደዶ ተራሮች በኩል ሲመጣ ድምፁ ቀድሞት ስለሚደርስ፣ እናቶቻችን አንድ ጠብታ ሳያዩ ልብስ ከገመድ ላይ ያነሱ ነበር። ከቦሳ ኪቶ በእግራቸው የሚመጡ ልጆች ክፍል ሲገቡ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ወጥቶ ቡናማ ካልሲ ያጠለቁ ይመስሉ ነበር። እንዲህ ባለ አገር፣ የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፋችን «ደረቅ የቁጥቋጦ ምድር» ስለሚባል ነገር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያወራል። ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ የታተመ፣ ቀለሙም የተንጠባጠበ ስለነበር በረሃው ራሱ ዝናብ የመታው ይመስል ነበር።

እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ የታተመ ነገር ሁሉ መጠርጠር አለበት ብዬ የወሰንኩ ልጅ ነበርኩ። ይህን ያስተማረኝ የለም። ሬዲዮው ምርቱ ተትረፈረፈ ሲል እናቴ ለአንድ ኪሎ ስኳር የቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፋ ትውላለች፤ ከዚህ በላይ ማን ያስተምረኛል? በረሃውንም ከተትረፈረፈው ምርት ጋር አንድ ላይ መደብኩት።

ሳይንስ የሚያስተምረን ቲቸር ደጀኔ ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሸሚዙ እስከ ክንዱ የተጠቀለለ ሰው ነበር። ጊዜው የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው፤ ያኔ ከአገር አገር የሚዛወር አስተማሪ ለምን እንደተዛወረ ሳይጠረጠር አያድርም። ሕርማታ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጥ የነበረው አባቴ አባ ቢያ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶት ነበር፤ ሰውየው ወይ እንዲያይ የላኩት ነው፣ ወይ እንዲታይ የላኩት ነው። ከሁለቱ ውጭ ሦስተኛ ምክንያት፣ ለምሳሌ ማስተማር የሚወድ ሰው መሆኑ፣ ለማንም አልታየውም።

ጥርጣሬውን ያባባሰው አንደበቱ ነበር። የድሬዳዋ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፤ ለፍቅር ነው የሚለው። ጅማ ደግሞ ሽማግሌ በ«እርስዎ» የሚጠራበት ከተማ ነው። ቲቸር ደጀኔ መጀመሪያ ሱቃችን የመጣ ቀን፣ ስድሳ ዓመት ያለፈውን አባቴን «እንዴት ነህ አባ ቢያ?» አለው። አባቴ ሚዛኑን አስቀመጠ። እንዲህ የሚደፍር ሰው ከኋላው አንድ ትልቅ ሰው ቢኖረው ነው ብሎ እንደሚያስብ ከፊቱ አነበብኩ። ከዚያ «ሆማ ሚቲ» ብሎ፣ ምንም አይደለም ማለቱ ነው፣ የጠየቀውን ጠቀለለለት። የጠየቀው ድኝ ነበር፤ ለእከክና ለከብት ቆዳ በሽታ የሚሸጥ፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ርቆ በቆርቆሮ የሚቀመጥ፣ ቢጫ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ድኝ። እኛንም «እርስዎ» እንዳንለው ይለምነን ነበር፤ ምላሳችን እምቢ አለ። ዛሬ ስለሱ ስጽፍ ግን እንደወደደው «እሱ» እለዋለሁ። ዘግይቶም ቢሆን።

የቁጥቋጦው ምዕራፍ የተጀመረ ዕለት እጄን አወጣሁና እንዲህ ያለ አገር መኖሩን አላምንም አልኩ። «አላምንም» በየቦታው የሚባል ቃል አልነበረም። ቲቸር ደጀኔ ግን ልጅ ተወለደልህ እንደተባለ ሰው ፊቱ በራ።

«ጎሽ» አለ። «እኔ ያደግኩት እዚያ ነው፤ ግን ስላልኩሽ አትመኚ። እንሥራውና ታይዋለሽ። ዘበኛውም አንቺ ነሽ።»

ያደረገው ነገር ለጅማ ሰው ለማስረዳት የሚከብድ ነበር። ከክፍላችን ጀርባ ሁለት አልጋ የሚያህል መሬት አጠርን፤ አራት እንጨት ተከልን፤ በላዩ ላይ ቡና ማድረቂያ ላይ የሚዘረጋ ዓይነት ፕላስቲክ ወጠርን፤ ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን። ከዚያ ቲቸር ደጀኔ ለእረፍት ከሄደበት ሲመለስ አውቶቡሱን ግቤ በረሃ ላይ አስቁሞ፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ፣ አንድ ጆንያ እሾህ ጭኖ መጣ። የግራር ችግኝ፣ ቁልቋል፣ ሬት፣ ስሙን የማላውቀው አንድ ቅጠል የለሽ ቁጥቋጦ። ተከልናቸውና ውሃ ከለከልናቸው። የኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰክቼ፣ በደብተሬ ላይ ቀኑንና «እርጥብ» ወይም «ደረቅ» የሚለውን መጻፍ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ «እርጥብ» ጻፍኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር የምጽፈው። በሃያኛው ቀን አፈሩ ጣቴ ላይ አልያዘም። እፍ ስለው በነነ። በፕላስቲኩ ላይ ዝናቡ እየደበደበ፣ ከሥሩ አቧራ። ሽታውም ሌላ ነበር፤ የሞቀ ድንጋይና የመረረ ቅጠል ይሸት ነበር። «ደረቅ» ብዬ ስጽፍ የተሸነፍኩ ያህል ተሰማኝ።

በዚያው ሰሞን ንጥረ ነገሮችን ጀመርን። ዓለም በሙሉ፣ አለ ቲቸር ደጀኔ፣ ከመቶ ጥቂት ከሚበልጡ ነገሮች የተሠራ ነው። አንድ የግራር እሾህና አንድ የቡና ፍሬ በቆርቆሮ ላይ አቃጠለና ሁለቱንም ጥቁር አድርጎ አሳየን፤ በረሃውም ጫካውም ውስጥ ያለው ያው ካርቦን ነው አለን። ከዚያ ብርጭቆ የሚታሸግበት፣ በውስጡ ክፍልፋይ ያለው ካርቶን አመጣ። በአንዱ ክፍል ሚስማር፣ በአንዱ የመዳብ ሽቦ፣ በአንዱ የድስት ስባሪ አሉሚኒየም፣ በአንዱ ከሰል፣ በአንዱ ከአባቴ ሱቅ የገዛው ድኝ። ከድኙ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነበር፤ ከሥሩ «ኦክስጅን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

በረሃውን ተቀብዬለት ነበር፤ ይህን ግን አልተቀበልኩም። አንድ ሰው ባዶ ጉድጓድ ላይ ስም ጽፎ ሙሉ ነው ሲለኝ፣ ቀበሌያችን ትዝ አለኝ። ሻማ ለኩሶ ብርጭቆ ደፋበትና ሲጠፋ አሳየን። ሳናየው እፍ ብሎበት ነው እንጂ አልኩ በልቤ። ይህንንም ነገርኩት። ሳቀና ጥርጣሬዬን እስከ ሰባተኛ ክፍል እንድይዘው፣ እንዳልጥለው ለመነኝ።

ወሬው የተነሳው ከፕላስቲኩ ነው። ቡና አምራች አገር ውስጥ በእንጨት ላይ የተወጠረ ፕላስቲክ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ያኔ ደግሞ ቡና ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስ ያሳስር ነበር፤ ኬላ ላይ የሴት መቀነት ሳይቀር ይፈተሻል። ትምህርት ቤት ጀርባ ፕላስቲክ ተወጥሯል፣ የሚደርቅ ቡና ግን አይታይም፤ እንግዲያው ቡናው ከአፈሩ ሥር ነው። ከከተማው ነጋዴ እስከ ዳቦ ጋጋሪው ሁሉም እንዲህ አሰበ። አፈር ለማድረቅ ብሎ ፕላስቲክ የሚወጥር ሰው ይኖራል ብሎ የገመተ አንድም አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ባልጠብቀው ኖሮ አልገምትም።

ወሬው አባቴ ጆሮ የደረሰ ዕለት ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋና ከአጠገቡ አስቀመጠኝ። የሚያሳስበው ቡናው አልነበረም።

«ያ ሰውዬ ከኔ የገዛው ድኝ የት ነው ያለው?» አለኝ።

ካርቶን ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ነው አልኩት።

«ስሚኝ ልጄ፤ ከየት መጣ ብለው ከጠየቁሽ አታውቂም። ገባሽ? ወላሂ፣ በዚህ ዘመን ከማያውቅ ሰው በላይ የታደለ የለም።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ጥበቃዎች ጋር የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጠዋት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ወፍራም ልጅ ሳለ ከአባቴ ሱቅ ከረሜላ ይገዛ የነበረ፣ አሁን ካኪ ለብሶ የሚንቀሳቀስ ሰው። ቲቸር ደጀኔ «ና ግባ፣ እንዴት ነህ?» አለው። ይህ አልጠቀመውም። ፕላስቲኩን ገፈፉ፣ ቁልቋሉን በጠመንጃ አፍ ነቅለው ጣሉ፣ መሬቱን እስከ ክንድ ቆፈሩ። ተማሪው በሙሉ በመስኮት ያያል። ያገኙት አቧራ ብቻ ነበር። አንደኛው ጥበቃ አፈሩን በእጁ እያፈሰሰ፣ ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ደረቅ አፈር አይቶ እንደማያውቅና ነገሩ ጤና እንዳልሆነ ተናገረ።

አንድ ባለሥልጣን በተማሪ ፊት አቧራ ብቻ ይዞ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ክፍል ገቡና ካርቶኑን አገኙት። ጦር ግንባር ዘምቶ የተመለሰው ጥበቃ ድኙን አንስቶ አሸተተ፤ ከጎኑ ያለውን ከሰል አየ። ድኝ፣ ከሰልና አንድ ሌላ ነገር ሲሆን ባሩድ ይሆናል አለ። ሦስቱም ዓይናቸውን ወደ ባዶው ክፍል አዞሩ።

«እዚህ ውስጥ የነበረው የት ሄደ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አለ» አለ ቲቸር ደጀኔ። «አየር ነው፤ አሁንም አለ።»

ሊቀመንበሩ ጣቱን ባዶው ውስጥ ከትቶ አወጣና እንደተሰደበ ሰው አየው። እውነት ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከሊቀመንበሩ ጋር የተስማማሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ድኙን በሁለት ጣቱ ይዞ «ይኸስ ከየት መጣ?» ሲል፣ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። የአባ ቢያ ልጅ መሆኔን ያውቃል። በከተማው ድኝ የሚሸጠው ማን እንደሆነም ያውቃል።

አባቴ «አላውቅም» በይ ብሎኛል። ግን እኔ በሕይወቴ «አላውቅም» ብዬ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ፤ ቃሉ ለኔ ሽንፈት ነበር። ሊቀመንበሩም «አላውቅም» ብል እንደማያምነኝ ከፊቱ ታየኝ። ተነሳሁና «ቲቸር ከድሬዳዋ ይዘውት የመጡት ነው። ሻንጣቸው ውስጥ አይቼዋለሁ» አልኩ። ጥሩ አድርጌ ነበር የተናገርኩት፤ ሻንጣው ቀለሙ ቡናማ መሆኑን ጭምር ጨመርኩ።

ከድንበር አካባቢ በሻንጣ የመጣ የባሩድ ቅመም ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ብል ውሸት ይሆናል። ገብቶኛል። ቲቸር ደጀኔ ወደኔ ዞረ። ድኙን ከማን እንደገዛ አንድ ቃል ቢናገር አባቴ በዚያው ጠዋት ከሱቁ ይወሰድ ነበር።

«አዎ» አለ። «ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት።»

እሱንም፣ ካርቶኑንም፣ ፕላስቲኩንም ይዘው ሄዱ። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ዝናቡ ከደዶ በኩል መጣና የሁለት ወር በረሃችንን በአሥር ደቂቃ ጭቃ አደረገው። ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩ፤ «እርጥብ» አልኩ።

ማታ የሆነውን ለአባቴ ነገርኩት። ያወድሰኛል ብዬ ነበር። የራቱን ሳህን ወደ ጎን ገፋና «እኔ አላውቅም በይ ነው ያልኩሽ» አለ። ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ስኳርና ቴምር ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም ብለው መለሱት። በወሩ ቲቸር ደጀኔ ወደ አንድ ቆላ ወረዳ ተዛውሯል ተባለ። ዳይሬክተሩ ሲነግረን ወለሉን ያይ ነበር። አባቴ አላመነም። እኔም እስከ ዛሬ አላመንኩም፤ የዚያ ዓይነት ዝውውር ደብዳቤ ያየ ሰው አላገኘሁም።

ቤታችን ውስጥም አንድ ነገር ተለወጠ። ከዚያ በኋላ አባቴ ከእንግዳ ጋር ሲያወራ እኔ ከገባሁ ወሬውን ወደ ቅመም ዋጋ ይመልሰዋል። አልተቆጣኝም፤ ፍቅሩንም አልቀነሰም። ጠረጠረኝ ብቻ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላም፣ ሁሉም ሰው ጮኾ በሚያወራበት ጊዜ፣ እኔ ስገባ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ድኝ የሚጠይቅ ሲመጣም «አልቋል» ይላል። ሲሞት ሱቁን ስናጸዳ ቆርቆሮው ከመደርደሪያው ጀርባ እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ቁራጭ ወስጄ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያነበብኩትንም አብዛኛውን ተጠራጥሬያለሁ፤ ሰዎች ይህን የአስተሳሰብ ነፃነት ነው ይሉኛል። እኔ ግን ዋጋውን አውቃለሁ፤ ጥርጣሬዬን እንዳልጥለው የለመነኝ አንድ ሰው ነበር፣ የሌሎችን ጥርጣሬ እንደ መሣሪያ የተጠቀምኩበትም በእሱው ላይ ነው። በሕይወቴ ከሰማሁት ንግግር ውስጥ ያለ ጥርጥር ሐሰት መሆኑን የማውቀው ያን «ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት» ያለውን የእሱን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከሁሉም አብልጬ የማከብረውም እሱን ነው።

ባለፈው ዓመት ጅማ ስሄድ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ጎራ አልኩ። የተነቀለው ቁልቋል ወድቆ በቀረበት ቦታ ሥር ሰዶ፣ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ መሐል ደልቦ ቆሟል። ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ፤ የሚሉትን እንኳ ለማጣራት ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰክቼ ነበር።

አሁን የወንድሜ ልጅ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች። የሳይንስ መጽሐፏ ላይ የቁጥቋጦው ምድር በቀለም ወጥቷል፤ በስልኳም ግመሉ ሲራመድ ታየዋለች። የመኖር ያለመኖሩ ጉዳይ ለሷ ጥያቄ አይደለም። ያየችውን ሁሉ ታምናለች፤ እኛ ደግሞ ያየነውን እንኳ አናምንም ነበር፤ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። አዎ፣ ይህን ቃል አሁን እለዋለሁ። በቀደም መጽሐፍ ስትፈልግ ቢጫዋን ቁራጭ አገኘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን አኮሳተረች።

«አክስቴ፣ ይኸ ከየት መጣ?»

ከመልሴ በፊት በሩን ዞሬ አየሁት። ማንም የለም።

«ከአያትሽ ሱቅ» አልኳት።