አሥራ ሁለት ማንኪያ ሜታታ

ሜታታ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አይብ ነው፤ ግን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ታሽቶ፣ ማሰሮ ውስጥ ታሽጎ ከርሞ የሚበላ። ሲከፈት ሽታው ቤቱን ይይዘዋል፤ የለመደው ምራቁን ይውጣል፣ ያልለመደው በሩን ይፈልጋል። እኔ የሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በዚህ ማሰሮ ላይ ነው። ሰው ይህን ስነግረው ይስቅብኛል። ይሳቅ!

ማሰሮዎቹ አምበር ከተማ አጠገብ የምትኖረው የአክስቴ ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ እየተመላለስኩ በየሳምንቱ ናሙና እወስዳለሁ። መኮምጠጡን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር እየበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ደግሞ መጥፎዎቹን ጀርሞች ይፈጃል። ይህ በስንት ጊዜ እንደሚሆን ማሳየት፣ ከዚያም ጣዕሙን በሰው ማስቀመስ ነበረብኝ። ጊዜዬ ግን አልቋል። አማካሪዬ አንድ ጊዜ አራዝመውልኛል፤ «ከእንግዲህ የቅምሻ ውጤት ካላመጣሽ ምረቃ የለም» ብለው ቁርጡን ነግረውኛል።

ስለዚህ ሜታታ አሳምረው የሚያውቁ አሥራ ሁለት ሰዎች አክስቴ ቤት ጠራሁ። አንዱ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ነበሩ። ቀኑን የቆረጥኩት ደብተሬ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ሳምንት ቆጥሬ ነው።

ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ለእያንዳንዳቸው ኩባያ፣ ማንኪያና ነጥብ መስጫ ወረቀት አደልኩ። «በሉ ቅመሱልኝ፤ ከዘጠኝ ነጥብ ስጡ» አልኩ። ሁሉም ኩባያውን ያያል። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መሪጌታ ብቻ ማንኪያቸውን አንስተው ወደ አፋቸው አስጠጉ። እሰይ፣ እንዳስረዳኋቸው መጀመሪያ እያሸተቱ ነው አልኩ በልቤ። አክስቴ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችኝ።

«ሰኞ።»

«የምን ሰኞ?»

ወይ ጉዴ! ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት አልፎታል። እኔ ራሴ እኮ በሽሮ ነው የሰነበትኩት! ጾሜን እጾማለሁ፤ ማሰሮው ውስጥ ያለው ግን ለእኔ ምግብ መሆኑ ቀርቶ ናሙና ሆኗል። ሰዎቹም ልጃችን ጠርታን እንዴት እንቀራለን ብለው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው የመጡት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አክስቴ ተከትላኝ መጣች።

«ምን ያስለቅስሻል? እኛ ከቅበላ በፊት አሽገን በፋሲካ ነው የምንከፍተው። እኛ ስንጾም እሱ ይበስላል። ማን ክፈቺው ብሎ አስቸኮለሽ?»

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። ሰምተውኝ ሲጨርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እሳቸውም ጿሚ ናቸው። «በይ እስከ ፋሲካ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅልሽም» አሉኝ።

ረቡዕ ቤተ ሙከራ ገብቼ የሰኞውን ናሙና ያበቀልኩበትን ሳህን አየሁ። ሆድ የሚያውኩት ጀርሞች ሳህኑ ላይ ችምችም ብለው በቅለዋል። ደንቡ መጀመሪያ መርምሮ፣ በኋላ ማስቀመስ ነበር፤ በጥድፊያዬ ዘልዬዋለሁ። እነዚያ ደጋግ ሰዎች ቀምሰው ቢሆን ኖሮ! ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሳየው ጀርሙ እየሳሳ ሄደ፤ ሆሳዕና ሲደርስ ሳህኑ ንጹሕ ሆነ። አክስቴ እውነቷን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ያው አሥራ ሁለቱ ተሰብስበው ቀመሱ። ነጥቡን አዘነቡልኝ፤ አንዱማ ወረቀቱ ላይ «ይደገም» ብሎ ጻፈ። ተመረቅኩ።

ያቺ ሰኞ ግን እየከነከነችኝ ሰነበተች። አንድ ቀን መሪጌታ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። «ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ቀን ቢቀምሱ ኖሮ በሽታ ላይ እጥልዎት ነበር» አልኳቸው።

«እኔማ ልቀምስልሽ ነበር» አሉኝ እየሳቁ።

«በጾም? እርስዎ?»

«ያን ሁሉ ሰው ጠርተሽ አፍረሽ ከምትቀሪ፣ እኔ ልግደፍና ንስሐ እገባለሁ ብዬ ማንኪያውን አነሣሁ። አክስትሽ ናት እግሬን የረገጠችኝ።»

«እኔ እኮ እያሸተቱ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው፤ እንባዬም ቀደመኝ።