ቀይ መስመር የተሰመረበት ፎቶ

አዳዳ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ፎቶ ከእኔ አፍ በላይ ያምኑታል። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እኛ ቤት የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፣ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ፣ መስመሩን ያሰመርኩት እኔ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ይህን የምለው እንድታጽናኑኝ ብዬ አይደለም። አይዞሽ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነው። ሙሽሮቹ እንጦጦ ባህር ዛፍ መሃል ይሽከረከራሉ፤ እኔ ቬሎው ከላይ ሲታይ ነጭ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ድሮኑን ሽቅብ እለቀዋለሁ፤ ሚዜዎቹ ያፏጫሉ። በየሳምንቱ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ሙሽሮቹን ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ የማየው ከኋላቸው ያለውን ነው። ከታች ለሚሄድ ሰው ጋራው ያው ጋራ ነው፣ በየቀኑ ስለሚያየው አያየውም። ከላይ ግን ነገር አይደበቅም። ሰው ሰፈሩን አንዴ ከላይ ቢያይ ይነቃል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። አቤት የዋህነቴ።

ከፋሲካ በኋላ፣ የሰርጉ ወቅት ደርሶ እህል በአፌ ባልዞረበት ሳምንት፣ ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ ስቆርጥ ከሙሽራው ትከሻ ጀርባ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ጋራ ታየኝ። አዳዳ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ቤታቸው ከመንደሩ ሁሉ የላይኛው ነው፣ ከእሱ በኋላ ቤት የለም። የአምናውን ሰርግ ከፈትኩና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አምና ከቤታቸው በላይ ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ነበር፤ ዘንድሮ አብዛኛው ጉቶ ሆኗል። ድንጋይ የሚያወጡበት ካባ ከጎን በኩል ጋራውን ቆርሶት ገብቷል። ከጉቶዎቹ መሃል ደግሞ አንድ ቀጭን ጥቁር ነገር፣ እንደተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ከካባው ተነስቶ በአዳዳ ቤት አናት ላይ ያልፋል። አጉልቼ አየሁት። መሬቱ ተሰንጥቋል።

በማግስቱ ድሮኑን ይዤ ሄድኩ። አዳዳ ደጃቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ድሮኑ ሲነሳ ብድግ ብለው ንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ያወናጭፉ ጀመር።

"አዳዳ፣ ዝም ብለው ይቁሙ። ወደ ላይ ይዩ። ከተንቀሳቀሱ ይበላሻል" አልኳቸው፣ ሙሽሮችን በምቆጣበት ድምፅ።

ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ እስካወርደው ድረስ ንቅንቅ አላሉም። በኋላ ፎቶውን ሳሳያቸው ደስ አላቸው፤ ጣሪያቸውን ከላይ አይተውት አያውቁም ነበር።

ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ስንጥቁ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ይውጣል። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ጠጠር ጣልኩበት፤ ሲያርፍ አልሰማሁም። ለሚመለከታቸው አመለከትኩ፣ እናየዋለን አሉኝ። ክረምቱ ግን ማንንም አይጠብቅም። ለሰዉ ራሴ ላሳይ ብዬ ፎቶውን ባነር ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩት። ሲታተም ግን ስንጥቁ ቀጥኖ አልታይ አለኝ። ቀይ ማርከር አነሳሁና ከዳር እስከ ዳር አሰመርኩበት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

እሁድ ዕድሩ ሲሰበሰብ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ፎቶውን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። መጀመሪያ ሁሉም የራሱን ቆርቆሮ ፈለገ። "ያቺ የእኔ ናት፣ ጎማ የተጫነባት።" "አንተ፣ ሽንት ቤትህ ከቤትህ ይበልጣል እኮ።" ሳቅ በሳቅ ሆነ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነስተው በከዘራቸው ጫፍ ቀዩን መስመር ነኩት። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

"ስፋቱ ስንት ሜትር ነው?" አሉ።

"የስንጥቁ ነው?"

"የመንገዱ።"

መንገድ አይደለም አልኩ። ጋራው ሊወርድ ነው፣ ከዚህ መስመር በታች ያለ ሁሉ ክረምት ሳይገባ ይውጣ አልኩ። ይሄን ስል ጭራሹን አበላሸሁት። እኛ ሰፈር ከላይ ፎቶ አንስቶ፣ በቀይ አስምሮ፣ ውጡ የሚል ሰው ምን ሊያመጣ እንደመጣ ሕፃኑም ያውቀዋል፤ ቤታቸው ሊፈርስ ሲል አጥራቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባባቸው ዘመዶች አሉን። የዕድሩ ዳኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ገብቶናል ልጄ። እንጀራሽ ነው፤ ከአንቺ ሰማን አንልም" አሉኝ። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ በዓይናቸው ይጠቅሱኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ቁፋሮው ተጀመረ። መንገድ ሲመጣ ቤት ይለካል፤ ሰፋ ያለ ቤት ያለው ሰፋ ያለ ምትክ ቦታ ያገኛል ብለው ሁሉም ወደ ጋራው እየቆፈሩ አንዳንድ ክፍል ቀጠሉ። ቋሚውንና ማገሩን ከየት አመጡት? ከላይ፣ ከተረፉት ባህር ዛፎች። ጋራውን ከሥር ቦረቦሩት፣ አፈሩን የያዘውን ዛፍ ከላይ ቆረጡት። ይህን ሁሉ ያመጣው የእኔ ማስጠንቀቂያ ነው። አንጀቴ እያረረ በየሳምንቱ ድሮኑን አስነሳ ነበር። አዲስ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ አያለሁ፣ ስንጥቁ ሰፍቶ አያለሁ፤ በሳምንቱ ሌላ ቆርቆሮ። ግንቦት ሲያልቅ ስንጥቁ ማርከር አያስፈልገውም ነበር።

አዳዳም ክፍል ቀጠሉ። ስሄድ አዲሱን ግድግዳ ጭቃ ሲለስኑ አገኘኋቸው። ፎቶውን በስልክ አስነስተው በትንሹ አሳትመው፣ ቀዩ መስመር እንዳለበት፣ ላሚኔት አስደርገው ከግብር ደረሰኛቸው ጎን በምስማር ሰቅለውታል።

"አዳዳ፣ በሞቴ፣ እኔ ጋ ይምጡ። ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ።"

"ያኔ ካራ በኩል የነበረንን እርሻ ሲለኩ የት ነበርኩ?" አሉኝ፣ ከጭቃው ቀና ሳይሉ።

ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

"ለቅሶ። አንድ ቀን ለቅሶ ሄጄ አደርኩ። ቤቱ ያልተገኘ ሰው ምትክ ሳያገኝ ቀረ። አሁን ደግሞ አንቺ ነይ ትይኛለሽ።"

"የሚለካ የለም እኮ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ደጃፍዎ ላይ፣ እያዩኝ።"

"አንቺን ማን ላከሽ ታዲያ?"

"ማንም።"

"እሱን ለሌላ ንገሪ" አሉና ሳቁ። ተናድጄ ወጣሁ። ፎቶውን ገንጥዬ ልቀደው አስቤ ነበር፤ ላሚኔት ደግሞ አይቀደድም።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ ስለነበር አብዛኛው ሰው ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ ሰፈሩን ያተረፈው ይሄ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከሥራ ስመለስ የአዳዳ ጎረቤት ደወለችልኝ። "ጋራው ወረደ" አለች። አዳዳስ ስላት ስልኩ ተቋረጠ። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ በጭቃ ተዘግቷል። ከመንደሩ ሥር ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ያለ ጉብታ ላይ ወጣሁና ዝናቡ ጋብ ሲል ድሮኑን ለቀቅኩት። ስቸኩል ሁለቴ ዛፍ ልመታበት ነበር።

ስክሪኑ ላይ አዲሶቹ ክፍሎች የሉም። ጭቃ ብቻ፣ ከጭቃው የወጣ የቆርቆሮ ጫፍ፣ አንድ በር። ሰዎች ከታች በኩል፣ ከአደጋው ራቅ ብለው ተሰብስበዋል። አንድ ሰው ብቻ ከላይ ለብቻው ቆሟል። ድሮኑን ዝቅ አደረግኩት። አዳዳ ናቸው፤ ደጃቸው በነበረበት ቦታ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። ከበላያቸው ደግሞ ሌላ ስንጥቅ አየሁ። ከመጀመሪያው የሰፋ ነው፣ ውሃ እየገባበት ነው።

ድሮኑን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከብብታቸው ሥር ፎቶውን አወጡና በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያዙት። እንደመሰላቸው ለካኞቹ መጥተዋል፣ እሳቸውም በዚህኛው ጊዜ ቤታቸው ተገኝተዋል።

ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው አይሠራም። ይሂዱ ለማለት ድሮኑን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዝኩት። እሳቸው ፎቶውን ይበልጥ ከፍ አደረጉት። መቆጣጠሪያውን ሳር ላይ ጥዬ፣ ድሮኑን እዚያው አየር ላይ እንደቆመ ትቼ ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ወገቤ ሲደርስ ነው የገባኝ። ድሮኑ እዚያ እስካለ ድረስ አዳዳ ከዚያ ቦታ አይነቃነቁም። ልመለስና ላውርደው? ጊዜ የለም። እየጮህኩ ተሻገርኩ፤ የወንዙ ድምፅ ጩኸቴን በላው። ዳገቱን በእጄም በጉልበቴም ወጣሁት። ከታች ያሉት ሰዎች ተመለሺ ይሉኛል።

ስደርስ ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፎቶውን ግን አላወረዱትም። ዓይናቸው ሽቅብ እንደተተከለ ነው። ድሮኑ ከራሳችን በላይ ይጮሃል።

"አዳዳ፣ እንሂድ።"

"ጥርት ብሎ ወጣ?"

"ወጥቷል።"

"እንዳልሽኝ አልተንቀሳቀስኩም" አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ቁልቁል ጎተትኳቸው፤ ከበላያችን ያለው አፈር መንሸራተት ጀምሮ ነበር።