ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ

ባለቤቴ ከአስም ተፈውሻለሁ ብሎ በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ከመሰከረ ሰባት ዓመት አልፎታል። የዚያን ዕለት በአፉ የሚስበውን መድኃኒት ከኪሱ አውጥቶ ሰባኪው ፊት አስቀመጠው። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ፤ እኔም እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ። እውነቴን ነው፣ አምኜ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያፍነው የኖረ ሰው ለወራት በሰላም ሲተነፍስ ያየች ሚስት ባታምን ነበር የሚገርመው።

እኛ ዘንድ የተፈወሰ ሰው የበሽታውን ስም በአፉ አይጠራም። ከጠራው በሩን መልሶ ከፈተለት ማለት ነው፤ እንዲህ ብለን ነው የተማርነው። ስለዚህ በበጋ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈራችን ውስጥ አቧራ ሲነሳና ደረቱ ማፏጨት ሲጀምር «ብርድ መታኝ» ይላል። እናቱ ስትደውል እኔም ብርድ መትቶት ነው እላለሁ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ላቦራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ በየብልቃጡ ላይ ትክክለኛውን ስም ስለጥፍ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ብርድ እላለሁ። አንዳንዴ በራሴ እናደድ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ እረሳዋለሁ።

አምና የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደወለ። በመዝናኛ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። መርከቡ ከሞምባሳ ተነስቶ የሕንድ ውቅያኖስን ደሴቶች ሲዞር ሠራተኞች ቤተሰብ እንዲጋብዙ ተፈቅዶላቸዋልና፣ ለተጋባችሁበት አሥረኛ ዓመት ስጦታዬ ይሁን አለን። ባለቤቴ መናኸሪያ አካባቢ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ አለው። ለሠርጉ እንኳ ከሦስት ቀን በላይ ያልዘጋውን ሱቅ ለሁለት ሳምንት ቆለፈው።

ወንድሙ ከላካቸው ወረቀቶች አንዱ፣ መርከቡ ሁለተኛው ደሴት ላይ ሲቆም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ እንደሚቻል ይናገራል። ባለቤቴ ያንን ካየ በኋላ ሌሎቹን ዞር ብሎም አላያቸው። ያደገው ሀይቃችን ውስጥ ነው። ልጅ ሳለ ከታች ጭቃ ዘግኖ እንደሚወጣ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ እኔና ጌታ ነን የምናውቀው። አሁን ሆዱን ያየ ሰው ግን አያምነውም፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ።

ለመጥለቅ የጤና ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለው ኮፒ ቤት አሳትሜ አመጣሁት። እንግሊዝኛው ለእኔ ስለሚቀለኝ እኔ እያነበብኩ፣ እሱ እየመለሰ፣ እኔ እየሞላሁ ሄድን። ልብ፣ የለብኝም። የሚጥል በሽታ፣ የለብኝም። የጆሮ ቀዶ ጥገና፣ አላደረግኩም። ከዚያ አስም ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ጥያቄው አሁን አለብህ ወይ ብቻ ሳይሆን ነበረብህ ወይም ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንዱን እንኳ አዎ ያለ ሰው የሐኪም ፊርማ ሳያመጣ አይጠልቅም የሚል አለ።

«ከዚህ በፊትም ቢሆን ነው የሚለው» አልኩት።

ዓይኑን እስክሪብቶዬ ላይ አድርጎ፣ «የጌታን ሥራ በወረቀት ልትክጂ ነው?» አለኝ።

ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ እመልስለት ነበር፤ መልስ አጥቼ አላውቅም። እሱ ግን እየለመነኝ ነበር። የለም በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ፣ እሱ ፈረመ።

ከመሄዳችን በፊት ሀይቁ ዳር ባለ ሆቴል መዋኛ ሦስት ቅዳሜ ተለማመደ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከውሃው ወጣ ብሎ ጠርዙን እንደያዘ ረጅም ሳል ሳለ። የውሃው ኬሚካል ነው አለኝ። ፎጣ አቀበልኩት። ከዓሣ ገበያው የመጡ አባ ኮዳዎች አጥሩ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያዩን ነበር። ወፍ ናቸው፣ ሁሌም እንዲያ ነው የሚቆሙት፤ ያን ቀን ግን አስጠሉኝ፣ ጠጠር አንስቼ ወረወርኩባቸው። አንዱም አልተነሳም።

መርከቡ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ባለቤቴ ከቁርስ በኋላ ባሕሩን እያየ ይዘምራል፤ እኔ ደገኛ ነኝ፣ ዋና አልችልም፣ ከመከለያው እርቄ እቀመጣለሁ። ሁለተኛው ደሴት ስንደርስ ጠዋት በትንሽ ጀልባ ወሰዱን። አሰልጣኙ ፀሐይ ያከሰለው ቀጭን ሰው ነበር። ቅጹን ሰብስቦ አየና አላመነውም መሰለኝ፣ እያንዳንዱን ጠላቂ በቃል ደግሞ ጠየቀ። ባለቤቴ ጋ ሲደርስ የሳንባ ችግር አለ ወይ አለው። ምንም የለም አለ። አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሚስቶች የበለጠ ያውቃሉ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ያ ሳቅ ነው።

ወረዱ። ውሃው በጣም ጥርት ያለ ስለነበር መጀመሪያ ጀርባቸው ይታየኝ ነበር፣ ኋላ አረፋቸው ብቻ ቀረ። አራት ሰው ነው የወረደው፣ አራት ቦታ ይንተከተካል። የትኛው የእሱ እንደሆነ ለመለየት ዓይኔ እስኪያነባ አየሁ። ከቆይታ በኋላ አንዱ ጋ አረፋው ይጣደፍ ጀመር፣ ፋታ አልነበረውም። የእሱ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ለጀልባ ነጂው ልነግረው ተነሳሁ። ምን ብዬ ልንገረው? ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኙ ደረቱ ላይ አቅፎት ብቅ አለ። ጎትተው ጀልባው ላይ አስተኙት። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታትሯል፣ ደረቱ ከሩቅ ይሰማል። ኦክስጅን አፉና አፍንጫው ላይ አደረጉለት። አሰልጣኙ አንድ ሳጥን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አስም አለበት? እውነቱን ንገሪኝ፤ ለእሱ የሚሆን መድኃኒት አለኝ።»

ባለቤቴ መናገር አይችልም። ዓይኑን ግን ከእኔ አልነቀለም።

«የለበትም» አልኩ።

ደንግጬ ነው፣ እንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ ነው፣ ጥያቄው በደንብ ሳይገባኝ ነው፤ ለራሴ ያልደረደርኩት ምክንያት የለም። አንዱም እውነት አይደለም። ጥያቄው ገብቶኛል፣ መልሱንም አውቀው ነበር። ስድስት ዓመት ያስለመድኩት አፌ ቀደመኝ።

አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ባለቤቴ ደረት ላይ አደረገና አዳመጠ። ቀና ሲል ዳግመኛ አልጠየቀኝም። መድኃኒቱን ከሳጥኑ አውጥቶ ባለቤቴ አፍ ውስጥ አደረገው፣ ነፋለት፣ ደገመለት። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ፉጨቱ እየሳሳ መጣ። ባለቤቴ ዛሬ በሕይወት ያለው አንድ የማያውቀን ሰው እኔን ባለማመኑ ነው።

በቀሩት የመርከብ ቀናት ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሀዋሳ በገባን በመጀመሪያው እሑድ ባለቤቴ መድረክ ላይ ወጣ። ባሕር ውስጥ ትንፋሽ እንዳጠረውና እጅ ከጥልቁ እንዳወጣው መሰከረ። የማን እጅ እንደሆነ ጉባኤው በራሱ ተረዳ። እልልታው ቀለጠ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ አጠገቤ ያሉት በደስታ የማለቅስ መሰላቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዘኝ። በቤታችን ልማድ በሰው ፊት እጅ አንያያዝም።

«አመሰግናለሁ» አለኝ። «ትነግሪዋለሽ ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር።»

ያኔ ጀልባው ላይ ዓይኑን ከእኔ ያልነቀለው ሞትን ፈርቶ መስሎኝ ነበር። እየታፈነ፣ መድኃኒቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እያለ፣ የፈራው እኔን ነበር። አሁን እኔን አይፈራም። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ደረቱን የሚያዳምጥ ሰው በሌለበት ብጠየቅ ምን እንደምል እርግጠኛ ሆኗል፤ እኔም እርግጠኛ ነኝ።

«ምንም አይደል» አልኩት።