የራሱን ሙሾ ያረመው መምህር

መምህር ይታየው ሞላሌ በምትባል የደጋ ከተማ አማርኛ ያስተምራል። ዕድሜው አርባ ሦስት ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ግጥም ሲተነትን ኖሯል፤ አንድም ግጥም ግን እሱን ነክቶት አያውቅም። ሰሌዳውን በአራት ይከፍላል፦ ምጣኔ፣ ቤት መምቻ፣ ጭብጥ፣ መልእክት። ከዚያ ግጥሙን እንደ ፋሲካ ዶሮ ብልት በብልት ያወጣዋል። ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ ሐምሌ ሳይገባ ይረሳል። ይህ በአገራችን ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ይባላል።

ይታየው ክፉ ሰው አይደለም። ቀዝቃዛ ነው እንጂ። ሰው ቀልድ ሲነግረው «ገባኝ» ይላል፤ መጥፎ ወሬ ሲነግረውም «ገባኝ» ይላል። ሞላሌ ላይ ውርጩ የሁሉንም ሰው ጣት ያደነዝዛል፤ የይታየው ድንዛዜ ግን ከጣቱ አልፎ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ሰው ሞቶ ነበር።

ያኔ የሚያስተምረው የጀማን ወንዝ ተሻግሮ መርሐቤቴ ቆላ ውስጥ ነው። መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው የሚለውን ሁሉም ወገን የየራሱን መግለጫ ስላወጣበት እዚህ መድገም አያስፈልግም። በአራተኛው ወር ገደሉን በእግሩ የወጣ አንድ ነጋዴ ወሬ ይዞ ሞላሌ ደረሰ፦ መኪና ተገልብጧል፣ ይታየው የሚባል መምህር ሞቷል፣ እዚያው ተቀብሯል። ውሸት አልነበረም። ይታየው የሚባል መምህር በእርግጥ ሞቷል፤ የጅሩ ሰው፣ የሒሳብ አስተማሪ። ግን ማን ያጣራል? ስሙ ገጥሟል፣ ሥራው ገጥሟል፤ እኛ ዘንድ ሰው ለመግደል ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው።

ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ማልደው ሄደው ለእህቱ ለወሰንየለሽ መርዶውን ነገሯት። ወሰንየለሽ በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ስለነበር በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ገብሷን እያረሰች፣ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የበግ ፀጉሯን እየፈተለች ትኖራለች። ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን በዚያ ደብር ዙሪያ ሙሾ አውራጅ ሲባል እሷ ናት። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱን፣ ቀጥሎ ወሰንየለሽን ይጠራሉ። ለወንድሟም ራሷ አወረደች፦

አንድ ባና ለሁለት፣ ስንጓተት ነግቶ፤
ዛሬ ሙሉው ለእኔ፣ የሚስበው ሞቶ።
ለብሼው አደርኩኝ፣ እግሬም አልበረደ፤
ያ የድሮው ብርዴ፣ ወዴት ነው የሄደ?

ሰው ተላቀሰ። አንዲቷ በሞባይሏ ቀረጸችው፣ ከሞባይል ወደ ሞባይል እየተላለፈ ዘመሮ ከተማ ድረስ ሄደ። ተዝካሩ ተበላ። በሰባተኛው ወር መንገዱ ሲከፈት ሟቹ ቦርሳውን አንግቶ በእህቱ በር ገባ።

ጥቁር ልብሷንና የተላጨ ራሷን አየና «ማን ሞተ?» አላት።

«አንተ።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ።»

ቦርሳውን አወረደ። «ውሃ አለ?» አላት።

እሷም ቀድታ ሰጠችው። መተቃቀፍ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልግ።

ሦስት ቀን እልልታ ሆነ። የደብሩ አገልጋይ ቄስ ባስልዮስ «ፍትሐቱ አንዴ ተፈትቷል፤ ተመልሶ አይታሰርም። ይቀመጥልህ፣ ጊዜው ሲደርስ ይጠቅምሃል» ብለው አጽናኑት። በአራተኛው ቀን ቀልዱ ጀመረ። ሰፊው ሕዝብ፣ ያ የታሪክ ሁሉ ባለቤት የሚባለው፣ ከሐዘኑ ይልቅ ለመሳለቁ እጅግ የነቃ ነው። «እኔ ስሞት ወሰንየለሽ ታልቅስልኝ፤ በሦስተኛ ወሬ እመለሳለሁ» ይላል አንዱ። «የጠፋ በሬ አለኝ፣ እስቲ ሁለት ስንኝ ጣል አድርጊለት» ይላል ሌላው። መጀመሪያ አብራ ሳቀች። በመጨረሻ፣ ዘንድሮ፣ ለቅሶ መሄድ ተወች።

ይህ ነገር ከተማ ላለ ሰው ቀላል ሊመስለው ይችላል። እዚያ ግን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ደራሽ የለውም፤ ነግ እሷ ስትሞት ሬሳዋን የሚያነሣ ትከሻ አይገኝም ማለት ነው። የእድሩ ዳኛ ሁለት ጊዜ መክሯታል። ሦስተኛ ለቅሶ ከቀረች ስሟ እንደሚሰረዝ ቁርጡን ነግሯታል። ይታየው ይህን ሁሉ ያውቃል። «ገባኝ» ብሏል። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመልሷል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ለአሥረኛ ክፍል «ከአካባቢያችሁ አንድ ቃል ግጥም ሰብስባችሁ ተንትኑ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠ። ፅዮን የምትባል፣ በዚያው ዓመት ከዘመሮ የመጣች ተማሪ ከእናቷ ሞባይል ያገኘችውን፣ እህት ለወንድሟ ያወረደችውን ሙሾ ጽፋ ቀረበችና በጠራ ድምፅ አነበበች። አንድ ባና ለሁለት። ከእሷ በቀር ክፍሉ ውስጥ ግጥሙ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አርባ ስምንት ተማሪ መምህሩን አየ።

ፅዮን ቀጠለች፦ «ምጣኔው ስድስት በስድስት ነው። ጭብጡ የማይቋረጥ የእህትና የወንድም ፍቅር ነው። ገጣሚዋ የናፈቃት ሙቀት አይደለም። ባናውን ወንድሟ ሲወስድባት የሚሰማት ብርድ ነው የናፈቃት። ብርዱ እሱ አጠገቧ እንዳለ ምልክቷ ነበር። አሁን ሞቋታል፣ ግን ብቻዋን ናት።»

«ሟቹስ?» አለ ይታየው ጠመኔውን እያሸ።

«ሟቹ ምንም አያውቅም፣ መምህር። ሟች ስለሆነ።»

«ገባኝ። ከአሥር ዘጠኝ። ግጥሙን ማን እንዳለው ስላልጻፍሽ አንድ ቀንሻለሁ። ተቀመጪ።»

የሰማው ነገር እንግዳ አልነበረም፤ ይህን ራሱ ሲያስተምር የኖረው ነው። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሊሰማው ይገባል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ሲደወል ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ መምህራን ማረፊያ፣ የባዮሎጂው አስተማሪ ምንይሉ ዘንድ ደርሶ ነበር። «ሟች ተነሥቶ የራሱን ሙሾ አረመ የሚል በየትኛውም ገድል አላነበብኩም» አለ ምንይሉ። «ስንት ሰጠሃት?»

«ዘጠኝ።»

«ለእህትህስ?»

ይታየው ለእህቱ ምንም አልሰጣትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ግጥም አንድ ቃል ተናግሯት አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ረፋድ ላይ እማሆይ ጥሩሸዋ ዐረፉ። የቄስ ባስልዮስ እናት ናቸው፤ ከመመንኮሳቸው በፊት በዚያ አገር የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። ለወሰንየለሽ ሙሾ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ በማግሥቱ ነው። ለወሰንየለሽም ሦስተኛው ለቅሶ ይሄው ነው።

ይታየው ከሰዓት በኋላ አስፈቅዶ ወደ እህቱ ሄደ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች።

«ትሄጃለሽ፣ እታለም?»

«ልሂድና ይሳቁ? በእማሆይ ሬሳ ፊት?»

«ካልሄድሽ ይሰርዙሻል።»

«አንተስ ሰረዝከኝ አይደል?» ክሯን አየች እንጂ እሱን አላየችውም። «ያን ሙሾዬን ሰምተኸዋል ለመሆኑ?»

«ሰምቻለሁ። ክፍል ውስጥ።»

«እና?»

«ምጣኔው አልተዛነፈም።»

«ውይ!» አለች እንዝርቷን አስቀምጣ። «ሰው መሳይ በሸንጎ! እሱን ነው የጠየቅኩህ? ልክ ነበርኩ ወይ ነው የምልህ። አለቀስኩልህ፣ አንተ መጣህ፣ አገር ሳቀብኝ። አንተ አንድ ቀን “እህቴ ደግ አደረገች” ብለሃል? ወይ ተቆጣ፣ ወይ አልቅስ፣ ወይ ሳቅ!»

ይታየው ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ ሞከረ። በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን «መልሱ አልተሰጠም» የሚል አራተኛ ምርጫ ይኖር ነበር።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

በማግሥቱ ቀብሩ ካበቃ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው መስክ ላይ ክብ ሠርቶ ቆመ። ወሰንየለሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ መሐል ገባች። አፏን ስትከፍት ከሴቶቹ መካከል አንዷ ጮክ ያለ ሹክሹክታ ለቀቀች፦

«ኧረ ቀስ በይ፣ እማሆይ ተነሥተው እንዳይመጡ!»

ነጠላ አፍ ላይ ተደረበ፣ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሩቅ ላለ ሰው ልቅሶ ይመስላል። ወሰንየለሽ ቆመች። የእድሩ ዳኛ ወደ መሬት አየ። ቄስ ባስልዮስ እናታቸውን የቀበሩ ሰው ናቸውና ዓይናቸው ወደ መቃብሩ ነበር። እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ሁለተኛውን ብትጨምር ከክቡ ትወጣ ነበር።

ይታየው ገባ። ጀግንነት አይደለም፤ ይታየው ውስጥ ጀግንነት ፈልጎ የሚያገኝ የለም። የሚችለውን አንዱን ነገር ነው ያደረገው።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ በክፍል ድምፁ። «ከሁለት ዓመት በፊት ለእኔ የተባለውን ሙሾ እንመለከታለን። ምጣኔው ስድስት በስድስት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች በ“ቶ” ቤት ይመታሉ፤ ቀጣዮቹ በ“ደ”…»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሳቁ ጠፋ። ሳቅን በሰይፍ ያሸነፈ የለም፤ ትምህርት ግን በሁለት ደቂቃ ይገድለዋል። ይታየው ወደ ጭብጥ ተሻገረ፣ ከጭብጥ ወደ መልእክት። አንድ ሽማግሌ አዛጉ።

«ግጥሙ ጥሩ ግጥም ነው» ሲል ደመደመ። «ለሞተ ሰው ቢሆን ሙሉ በሙሉ ልክ ነበር። በሕይወት ላለ ሰውም ልክ ነው፤ ሰምቼዋለሁ። የተሳሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ባናውን የምትስበው እሷ ነበረች።»

«ምን አልክ?» አለች ወሰንየለሽ።

«አንቺ ነበርሽ። እኔ ነኝ የሚበርደኝ።»

«ዋሾ!» ድምፅዋ መስኩን ተሻገረ። «እናንተ ሰዎች፣ የሚበርደው እሱ ነው ይለኛል! እንደ ጥጃ ተጠቅልሎ፣ እኔን ባዶ መደብ ላይ አስቀርቶኝ! ሞተህ እንኳ አትዋሽም ነበር!»

«አልሞትኩም።»

«እሱንማ ሁሉም ነግሮኛል!»

አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ነጠላ ሳይሸፍን፣ ቄሱም ጭምር። ያኔ ነው፣ ሳቁ ገና ሳይበርድ፣ የተከፈተውን አፏን ሳትዘጋ ወደ መቃብሩ ዞራ የጀመረችው፦

ለቅሶ የተማርኩት፣ ለሰው ነበር ብዬ፤
ለእርስዎ መሆኑን፣ መች ገባኝ እማዬ።

ያቺ ባለ ሹክሹክታዋ ሴት ቀድማ አለቀሰች። ቄስ ባስልዮስ መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ወሰንየለሽ አሥራ አንድ ጊዜ አወረደች። የእድሩ ዳኛ መዝገቡን ገልጦ ከስሟ ትይዩ ምልክት አደረገ። ይታየው ክቡ ውስጥ እንደቆመ ቀርቶ ሁሉን ሰማ፤ ስንኙን ቆጠረ፤ ሳይፈልግ ነው የቆጠረው።

ንፍሮ ቀምሰው የመልስ መንገዱን ጀመሩ።

«አለቀስክ?» አለችው።

«አላለቀስኩም።»

«ስትመጣስ? ከቆላ?»

«አላለቀስኩም፣ እታለም። ምንም አልተሰማኝም። እስካሁንም።»

ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር ለማውጣት ክንዱን ይዛ ቆመች።

«እኔም አልተሰማኝም» አለች። «ያን ጊዜ፣ አንተ ሞተሃል ሲሉኝ። አፌ ነው ያለቀሰው። እንጨት ሆኜ ነበር። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ እኔ የለሁም። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ገባኝ» አለ ይታየው።

ይህን ቃል በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለው አይታወቅም። እህቱ ግን ዞር ብላ አየችውና የተቀበለችው መሰለች። ጫማዋን አጠለቀች። ክንዱን ወዲያው አልለቀቀችም።

«ቅዳሜ የጎረቤቴ የአቶ መኳንንት የሙት ዓመት ለቅሶ አለ። ና።»

«ፈተና አርማለሁ።»

«አርመህ ና።»

ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል ተነሥቷል። ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።